ጥፋቱ የጣቷ አልነበረም፦ የመጀመሪያ ደልሲመር የመምረጥ አንድ ጉዳይ

መነሻ

ደልሲመር ጭን ላይ ተጋድሞ የሚገረፍ፣ የአሜሪካ አፓላቺያ ተራሮች ባለክር መሣሪያ ነው። መጫወት ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። በእነዚህ ዓመታት «የቱን ልግዛ?» የሚል ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደቀረበልኝ አልቆጠርኩም። ብዙውን ጊዜ መልሱ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ይህኛው ጉዳይ ግን ከመጀመሪያው ግዢ እስከ መጨረሻው ወደ ስድስት ወር ወሰደ። አንድ የከሸፈ ግዢ፣ አንድ ውሰት፣ አንድ የተመለሰ ዕቃ አለበት። አንድ የኔ ስህተትም አለበት። የምጽፈው በዋናነት ለዚህ የመጨረሻው ስል ነው። የሰዎቹን ስም ትቻለሁ፤ የሻጮቹንም እንዲሁ።

ባለጉዳይዋ

የ46 ዓመት ሴት ናት። አሜሪካ ውስጥ በምሥራቅ ቴነሲ፣ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ በማታ ፈረቃ ትሠራለች። ሁለት ልጆች አሏት። ሙዚቃ ተምራ አታውቅም። ልጅ ሳለች አጎቷ ክራር ሲገርፉ አጠገባቸው ቁጭ ብላ ትሰማ ነበር፤ መንካት ግን አይፈቀድላትም። ይህን ስታወራ አሁንም ትንሽ ቂም ቢጤ አላት።

ደልሲመርን ያገኘችው ሥራ ቦታዋ ነው። ከነዋሪዎቹ አንዱ ከምሥራቅ ኬንታኪ የመጡ አዛውንት ናቸው። ኬንታኪ እ.ኤ.አ. በ2001 ደልሲመርን የግዛቷ መሣሪያ አድርጋ መሰየሟን ለመጣ ለሄደው ይነግራሉ። ከራት በኋላ መሣሪያቸውን ጭናቸው ላይ ያጋድሙታል። በግራ እጃቸው እርሳስ የምታህል እንጨት ክሩ ላይ ያንሸራትታሉ። እንጨቷ ኖተር ትባላለች። በቀኛቸው ደግሞ በዝይ ላባ ይገርፉታል። አንዱ ክር ዜማውን ይዞ ሲወጣ ሲወርድ፣ የቀሩት ክሮች አንድ ዓይነት ድምፅ እየሰጡ ከሥር ያጅባሉ።

«ክራርና በገና ተጋብተው የወለዱት መሰለኝ» አለችኝ። በመልክ አይመስልም። መሣሪያው አንድ ሜትር ሊሞላ ትንሽ የሚቀረው፣ ወገቡ የጠበበ ጠፍጣፋ ሳጥን ነው። መሃሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ፍሬት የተደረደረበት ሰሌዳ ያቋርጠዋል፤ ፍሬት የምለው ክሩ የሚጫንበትን ቀጭን የብረት ዘንግ ነው። 3 ወይም 4 ክር አለው። በድምፁ ግን ያለችው ገባኝ። ያ ሳይቋረጥ ከሥር የሚያጉረመርም ነገር የበገናን ስሜት ይሰጣል።

የያዘችው 300 ዶላር ነው። ጊዜዋ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ግማሽ ሰዓት ነው። የምትኖረው አፓርትመንት ውስጥ ስለሆነ ጮክ የሚል ነገር አይሆናትም። ደልሲመር ድምፀ ለስላሳ መሣሪያ ነው። እስከዚህ ድረስ ምርጫዋ ልክ ነበር።

ችግሩ

መጀመሪያ ኢንተርኔት ላይ «ደልሲመር» ብላ ስትፈልግ የወጣላት ሌላ መሣሪያ ነው። በደርዘን የሚቆጠሩ ክሮች ያሉት፣ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ በሁለት ትንንሽ መዶሻ የሚመታ ሰፊ ሳጥን። ሁለቱ የሚጋሩት ስም ብቻ ነው። አሠራራቸውም አመታታቸውም አይገናኝም። ልትገዛው ነበር፤ ዋጋው አዳናት።

ከዚያ ትክክለኛውን ስም፣ ማውንቴን ደልሲመር የሚለውን፣ ከአዛውንቱ ጠየቀች። በ70 ዶላር አዲስ አገኘች። ከነቦርሳው፣ ላዩ ላይ አበባ የተሳለበት። የመማሪያ መጽሐፍ ጨመረችና በህዳር ጀመረች።

ሦስት ወር ታገለች። ክሮቹን በስልኳ አፕ ትቃኛቸዋለች። ከታች ያሉት ድምፆች ደህና ናቸው። ወደ ላይ ስትወጣ ግን ዜማው ይጎመዝዛል። ጣቷ ይቆስላል። ሦስት መስመር ተጫውታ ሳትጨርስ ቅኝቱ ይወርዳል። በየካቲት ደወለችልኝ። ያኔ የተናገረችው ነገር እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ፦

«ወንድሜ፣ ጥፋቱ የጣቴ ነው የጆሮዬ?»

ምርመራው

አንድ እሁድ ከሰዓት የምግብ ጠረጴዛዋ ላይ አስተኛነው። የያዝነው ማስመሪያ፣ ስልክና ሦስት ሳንቲም ነው፤ ሁለት ኒክል፣ አንድ ዳይም።

መጀመሪያ የክሩን ርዝመት ለካን። የሚለካው ክሩ የሚርገበገብበት ክፍል ነው። ይኸውም ከራስጌ ክሩ ከሚያርፍበት ጥርስ እስከ ግርጌው በርኩማ ድረስ ነው። በርኩማ የምለው ልክ እንደ ክራሩና እንደ በገናው ክሮቹን ከፍ አድርጎ የሚይዘውን እንጨት ነው። 70.5 ሴንቲሜትር ሆነ። ደልሲመር ላይ 7ኛው ፍሬት ከባዶው ክር አንድ ኦክታቭ ከፍ ያለውን፣ ማለትም ያንኑ ድምፅ በቀጭኑ፣ ይሰጣል። ስለዚህ የክሩ እኩሌታ ላይ መዋል አለበት። የሷ 7ኛ ፍሬት ያለው 34.8 ሴንቲሜትር ላይ ነው። እጥፉ 69.6 ነው። በርኩማው ከቦታው 9 ሚሊሜትር ርቆ ተቀምጧል ማለት ነው። አፑም ያንኑ አሳየ፤ 7ኛው ላይ ቅኝቱ ከግማሽ ድምፅ (ፒያኖ ላይ ከአንዱ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ካለው ርቀት) አንድ አምስተኛ ያህል ወርዷል። ይህን ያህል ጆሮ ይሰማዋል። የሷ ጆሮ ሰምቶታል፤ ያመነችው ግን መሣሪያውን ነው።

ቀጥሎ ከፍታ። ኒክል ውፍረቱ 1.95 ሚሊሜትር ነው። 7ኛው ፍሬት አናት ላይ ሲቀመጥ ከክሩ ሥር ለጥቂት መግባት አለበት። ዳይም ደግሞ 1.35 ሚሊሜትር ነው። ከ1ኛው ፍሬት ጎን ሰሌዳው ላይ ሲጋደም ክሩ ሊነካው ትንሽ ይቀረዋል፣ ወይም ለጥቂት ይነካዋል። የሷ ላይ 7ኛው ጋ ሁለት ኒክል ደራርበን ገና ክፍተት ነበር። ጣቷ ለምን እንደቆሰለ ታወቀ። ክሩ ከፍ ሲል ለመጫን ጉልበት ይጠይቃል። ሲጫኑት ደግሞ ስለሚወጠር ድምፁን ያዛባል።

ሦስተኛው ነገር አሳቀን። የደልሲመር ፍሬት እንደ ጊታር በየግማሽ ድምፁ አይደረደርም። የፒያኖን ነጭ ቁልፎች ብቻ እንደመምታት ነው፤ ጥቁሮቹ የሉም። ዛሬ በብዛት በሚሠራበት ዲ-ኤ-ዲ ቅኝት (ፊደሎቹ ከወፍራሙ ክር ጀምሮ የክሮቹ ድምፆች ናቸው፤ የመጨረሻው የዜማው ክር ነው) የተለመደውን ስኬል፣ ዶ-ሬ-ሚ የሚባለውን የድምፅ መሰላል፣ ከባዶ ክር ጀምሮ ለመጫወት ግን አንድ ተጨማሪ ፍሬት ያስፈልጋል። እሱም በ6ኛውና በ7ኛው መካከል ይገባል። ስሙም «6½» ነው። የሷ መሣሪያ ይህ ፍሬት የለውም። መጽሐፏ ደግሞ ለዲ-ኤ-ዲ የተጻፈ ነው። 6½ የሚለውን ስታይ የማተሚያ ስህተት መስሏት ሦስት ወር ሙሉ 6ን ስትጫን ከርማለች።

መቃኛዎቹስ? ቀዳዳቸው ውስጥ በጥብቀት ብቻ የሚቆሙ እንጨቶች ናቸው፤ ማርሽ የላቸውም። እንዲህ ዓይነቱ መቃኛ በደንብ ከተሠራ ምንም አይልም። እነዚህ ግን እያየናቸው ይዞሩ ነበር።

ልንጠግነው ሞከርን። በርኩማው በክሮቹ ውጥረት ብቻ የቆመ ስለነበር 9 ሚሊሜትር ወደ ራስጌ ገፋነው። 7ኛው ተስተካከለ። እግሩን በብርጭቆ ወረቀት አሽተን ዝቅ አደረግነው። ጣቷ አረፈ። ከዚያ 3ኛውን ፍሬት ሞከርን፤ አሁንም ይጎመዝዛል። ስንለካው ከሚገባው ቦታ 4 ሚሊሜትር ወደ ራስጌ ተተክሏል። በርኩማ ይገፋል፤ የተተከለ ፍሬት ግን አይገፋም። ሰሌዳውን ነቅሎ እንደ አዲስ መሥራት ከዕቃው ዋጋ በላይ ነው። እዚያው ላይ አቆምን።

ጥፋቱ የጣቷም የጆሮዋም እንዳልነበረ ሲገባት መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥላ ተናደደች። የመመለሻው ቀን አልፏል።

ውሰት

እንደገና ከመግዛት በፊት ትዋስ አልኩ። በዚያ አካባቢ ቤተ መጻሕፍትና የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ የሚሰበሰቡ የደልሲመር ክበቦች አሉ። አንዳንዶቹ ለጀማሪ የሚያውሱት መሣሪያ ያስቀምጣሉ። ያገኘንላት ሳጥኑ ከካርቶን የተሠራ ነበር።

«ካርቶን?» አለች፤ ፊቷ ላይ የታዘብኩት ነገር ደስ አይልም ነበር።

እውነት ነው፣ ካርቶን ነው። የፍሬት ሰሌዳው ግን እንጨት ነው፤ ፍሬቶቹም በትክክል ተለክተው የተተከሉ ናቸው። ክሮቹ ዝቅ ያሉ ናቸው። 6½ አለው፤ መቃኛው ባለማርሽ ነው። ያኔ አዲሱ ከ100 ዶላር በታች ይገኝ ነበር። አበባ ከተሳለበት እንጨት ይህ የዕቃ ማሸጊያ የመሰለ ነገር በብዙ ይበልጣል። ሁለቱም ርካሽ ናቸው። ልዩነቱ አንዱ ሰሪ ገንዘቡን የት ላይ እንደሚያጠፋ ማወቁ ነው።

ስድስት ሳምንት ይዛው ቆየች። የተማርነው ብዙ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት፣ ማንም ሳያሳያት፣ ትዝታን አገኘችው። ማታ ፈረቃ ሳትገባ ስልክ ደውላ ቁጥሮቹን አነበበችልኝ፦ ባዶ ክር፣ 1፣ 2፣ 4፣ 5፣ 7። 3ኛውንና 6ኛውን መዝለል ብቻ ነው። የሚያጅቡት ሁለት ክሮች ዲ እና ኤ ናቸው፤ ሁለቱም በዚያ ትዝታ ውስጥ ያሉ ድምፆች ስለሆኑ ከሥር ምንም አይጋጭም። ባቲንም ሞከርን፦ ባዶ፣ 2፣ 3፣ 4፣ 6½፣ 7። ያቺ የማተሚያ ስህተት የመሰለቻት ግማሽ ፍሬት ባትኖር ባቲ አይወጣም ነበር። አምባሰል ከ5ኛው ፍሬት ተነስቶ ይወጣል፤ የሚያጅቡት ክሮች ግን አይስማሙትም። አንቺሆዬ ጨርሶ የለም። የሚፈልጋቸው ድምፆች በዚህ የፍሬት አደራደር ላይ አልተገጣጠሙም።

እግረ መንገዴን፦ የድሮዎቹ የተራራ ተጫዋቾች ሌላ ስኬል ሲያምራቸው ፍሬት አይጨምሩም፤ የዜማውን ክር ዳግም ይቃኙታል። ለአንዱ ዲ-ኤ-ኤ፣ ለሌላው ዲ-ኤ-ሲ፣ ለሌላው ዲ-ኤ-ጂ። ከትዝታ ወደ ባቲ ሲሄድ ክራሩን የሚቃኝ ሰው ሲያይ ያደገ ሰው በዚህ አይደነቅም። እሷም አልተደነቀችም። ክበቡ ውስጥ ያሉት ጀማሪዎች ግን ይህን ለመቀበል ሳምንታት ይፈጅባቸዋል።

ሁለተኛ፣ የምትፈልገው እንደ አዛውንቱ በኖተር መጫወት ብቻ እንዳልሆነ ታወቀ። ኮርድ መያዝ፣ ማለትም በየክሩ የተለያየ ፍሬት ተጭና ድምፆቹን ባንድ ላይ ማሰማት፣ ትፈልጋለች። ይህ በኋላ ትልቅ ነገር ሆነ።

ሦስተኛ፣ መሣሪያው ከጭኗ እየተንሸራተተ አስቸገራት። ማሰሪያ ቀበቶ ገዝታ ነበር፤ አልወደደችውም። መፍትሔው ከወጥ ቤት መሳቢያ መጣ። ዕቃ እንዳይንሸራተት ከሥር የሚነጠፍ የጎማ መረብ አለ፤ አንድ ቁራጭ ጭኗ ላይ አነጠፈች። አለቀ። 2 ዶላር።

ሦስት እጩዎች

በሚያዝያ ለመግዛት ወጣን። ሦስት ነገር ዓይናችን ውስጥ ገባ።

አንደኛው አሮጌ ነበር፤ አንድ የጥንት ዕቃ መሸጫ ውስጥ፣ 180 ዶላር። የልብ ቅርጽ ያላቸው አራት ቀዳዳዎች፣ የጠበበ ወገብ። ይህን የስምንት ቁጥር መልክ በኬንታኪ ኖት ካውንቲ ይኖሩ የነበሩት ኤድዋርድ ቶማስ እ.ኤ.አ. ከ1871 ጀምሮ እየሠሩ በሰፊው አዳርሰውታል። የዚያው አካባቢ ልጅ የሆነችው፣ እ.ኤ.አ. በ1922 ቫይፐር በተባለ ስፍራ የተወለደችው ዘፋኟ ጂን ሪቺ ደግሞ መሣሪያውን ይዛ ኒው ዮርክ ገባች። ደልሲመር ከተራራው ውጭ በስፋት የታወቀው ከዚያ ወዲህ ነው። እኛ ያየነው የማን እጅ ሥራ እንደሆነ የሚናገር ምልክት አልነበረውም። ፍሬቶቹን ስናይ ግን ነገሩ ተቆረጠ። ከሽቦ የታጠፉ አጫጭር ፍሬቶች ናቸው፤ ያሉትም ከዜማው ክር ሥር ብቻ ነው። ለኖተር ይበቃል። በሌሎቹ ክሮች ላይ ግን የሚጫኑት ነገር የለም፤ ኮርድ አይያዝበትም። እያዘነች ተወችው። እኔም አዘንኩ።

ሁለተኛው ያገለገለ ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን የሠራው፣ ሙሉው ዋልነት እንጨት፣ 280 ዶላር። የክሩ ርዝመት 28.5 ኢንች፣ ማለትም 72.4 ሴንቲሜትር።

ሦስተኛው አዲስ የተማሪ ሞዴል ነው። ጀርባና ጎኑ የተነባበረ እንጨት ነው። መቃኛው ባለማርሽ ነው፤ 6½ አለው። ርዝመቱ 26 ኢንች፣ ወይም 66 ሴንቲሜትር። 240 ዶላር። ስለ መልኩ የምለው የለኝም። ቡናማ ነው።

የኔ ስህተት

ዋልነቱን ሱቅ ውስጥ አንስቼ መታሁት። የወፍራሙ ክር ድምፅ ሆዴ ውስጥ ገባ። «ይህንን ውሰጂ» አልኳት። እሷ ሁለቱንም ሁለት ሁለት ደቂቃ ነካክታ ወደ እኔ ዞር አለች። እኔ ነኝ የማውቀው ተብሏል። ወሰደችው።

በስድስተኛው ቀን ፎቶ ላከችልኝ። በፋሻ የታሰረ የእጅ አንጓ።

የሆነው ግልጽ ነው። በዲ-ኤ-ዲ ቅኝት ጀማሪ ቶሎ ከሚማራቸው ኮርዶች አንዱ አንድ ጣት 1ኛው ላይ፣ ሌላ ጣት 3ኛው ላይ ያሳርፋል። በ28.5 ኢንች መሣሪያ በእነዚህ ሁለት ፍሬቶች መካከል 10.3 ሴንቲሜትር አለ። በ26 ኢንቹ 9.4 ሴንቲሜትር ነው። ዘጠኝ ሚሊሜትር በወሬ ምንም አይደለም። ለትንሽ እጅ ግን፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ እየደጋገሙ ሲዘረጉት፣ ያው ፋሻ ነው። የኔ ጣቶች ረጃጅም ናቸው። በኔ እጅ ለሷ መረጥኩ።

በኋላ ቀድሜ ማድረግ የነበረብኝን አደረግኩ። አንድ ረጅም ካርቶን ላይ የሁለቱንም መሣሪያ የመጀመሪያ አራት ፍሬቶች በልካቸው አሰመርኩ። ለ28.5 ኢንቹ ከራስጌ ጥርስ 7.9፣ 14.9፣ 18.2 እና 24.1 ሴንቲሜትር። ለ26 ኢንቹ 7.2፣ 13.6፣ 16.6 እና 22። ጭኗ ላይ አስቀምጣ ጣቶቿን ዘረጋች። ረጅሙ ላይ አንጓዋ ይጣመማል። አጭሩ ላይ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። ሙከራው ሦስት ደቂቃ አልፈጀም።

«ይሄንን ቀድመህ ብትስለው ምን ነበረበት?» አለች። መልስ አልነበረኝም።

ሱቁ በአሥር ቀን ውስጥ መመለስ ይፈቅድ ስለነበር መለሰችው። 15 ዶላር ቀነሱባት። ያንን እኔ ልክፈል ብላት እንቢ አለች።

የተገዛው

ቡናማውን ወሰደች። አንጓዋ ዳነ። ነገር ግን ሌላ ጣጣ መጣ፤ ወፍራሙ ክር ጠንከር ብሎ ሲገረፍ ይንጫጫል። መጀመሪያ የፍሬት ጥፋት መስሎን ደንግጠን ነበር። ለካ ክሩ ነው። የተገጠመለት ለረጅም ደልሲመር የሚሆን ቀጭን ክር ነው። ያው ክር፣ ያው ቅኝት ሆኖ ርዝመቱ ከ28.5 ወደ 26 ኢንች ሲያጥር፣ ውጥረቱ በ17 ከመቶ ያህል ይላላል። የላላ ክር እየተወዛወዘ ፍሬቱን ይመታል። ስለዚህ አንድ ደረጃ አወፈርነው፦ ቀጭኑን ከ0.012 ወደ 0.013 ኢንች፣ መካከለኛውን ከ0.014 ወደ 0.016፣ ወፍራሙን ከ0.022 ወደ 0.024። 9 ዶላር አወጣን። ንጫጫታው ጠፋ።

መሣሪያው የመጣው ባለ 4 ክር ሆኖ ነው። የዜማው ክር ድርብ ነው፤ ሁለቱ ተጠጋግተው ባንድ ጣት ይጫናሉ። አንዱን አወጣንላት። ድርቡ ድምፅ ይጨምራል፤ ግን ሁለቱን እኩል መቃኘትና እኩል መጫን ለጀማሪ ተጨማሪ ሥራ ነው። ስትፈልግ ትመልሰዋለች።

ድምሩ 240፣ 9፣ 2 እና የተቀነሰባት 15፤ 266 ዶላር። አበባ የተሳለበትን 70 ዶላር ከጨመርን ከያዘችው አልፏል።

ለሌላ ጀማሪ የሚሆነው

ከዚህ ጉዳይ ለሌላ ሰው የማሻግረው ትልቁ ነገር፣ ደልሲመር ማለት የፍሬት ሰሌዳው መሆኑን ነው። ሳጥኑ ይከተላል። ካርቶን ሳጥን ላይ ትክክለኛ ፍሬት ካለ ትማሪበታለሽ። የተዋበ እንጨት ላይ የተዛባ ፍሬት ካለ ራስሽን ትጠራጠሪያለሽ። ስለዚህ ከእንጨቱ በፊት ማስመሪያው። 7ኛው ፍሬት እኩሌታው ላይ ወይም ለጥቂት ከዚያ ፈንጠር ብሎ ካልዋለ ሌላውን ማየት አያስፈልግም። በርኩማውን ጥቂት ሚሊሜትር ወደ ግርጌ ማራቅ የሰሪዎች ልማድ ነው፤ ክሩ ሲጫኑት የሚጨምረውን ለማካካስ ነው። ዘጠኝ ሚሊሜትር ግን ልማድ አይደለም።

በእጅ መያዝ ካልተቻለና ግዢው በኢንተርኔት ከሆነ ሻጩን ሦስት ነገር መጠየቅ ነው። የክሩ ርዝመት ስንት ነው? 6½ አለው? መቃኛው ባለማርሽ ነው? ደልሲመር የሚያውቅ ሻጭ ለሦስቱም ወዲያው ይመልሳል። «ከጥሩ እንጨት የተሠራ ነው» ብሎ የሚመልሰውን እለፉት።

ርዝመትን በተመለከተ፣ ኮርድ መያዝ ለሚፈልግ፣ እጁ ትንሽ ወይም መካከለኛ ለሆነ ሰው ከ25 እስከ 27 ኢንች ያለውን እመርጣለሁ። በኖተር ብቻ ለሚጫወት 28 እና ከዚያ በላይም ችግር የለውም፤ ጣቱ አይዘረጋም። ለዚህ ነው ምን መጫወት እንደምትፈልጉ ሳታውቁ መግዛት የሚያስቸግረው። ለዚህም ነው ውሰትን የምወደው። እሷ ኮርድ እንደምትፈልግ ያወቀችው በካርቶኑ ነው።

ስለ እንጨት ብዙ ይወራል። ክዳኑ ስፕሩስ ከሆነ ድምፁ ይበራል፣ ዋልነት ከሆነ ይለሰልሳል ይባላል፤ በጆሮዬ ልክ ነው። ነገር ግን ይህ የሁለተኛ ዓመት ጭንቀት ነው። የቀዳዳው ቅርጽ፣ ወገቡ መጥበቡ ወይም እንደ እንባ ጠብታ መሆኑ፣ ይህም ይቆይ።

ያልሠራውንም ልመዝግብ። የተበላሸውን ለመጠገን ያጠፋነው ከሰዓት በኋላ ዕቃውን አላዳነም፤ ለምርመራ ግን ጠቅሟል። ቀበቶው አልሠራም። መጽሐፉ ብቻውን አልሠራም፤ ክበቡ ውስጥ ያሳለፈቻቸው ሁለት ማታዎች ከሦስት ወር ንባብ በለጡ። ከሁሉም በላይ አንድ ሰው ለሌላ ሰው በራሱ ጆሮና በራሱ እጅ መምረጡ አልሠራም። አሁን «የቱን ልግዛ?» የሚለኝን ሰው መጀመሪያ ካርቶን ላይ ጣቱን እንዲዘረጋ አደርጋለሁ።

ይህ የአንድ ሰው ጉዳይ ነው። ልጅ ቢሆን፣ ወይም ጣቱን ቁርጥማት የያዘው ሰው ቢሆን፣ ቁጥሮቹ ይለወጣሉ። መለካቱ ግን ያው ነው።

አሁን ያለችበት

ቡናማውን ከገዛች ሰባት ወር ሆኗታል። አበባ የተሳለበት ሳሎኗ ውስጥ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እንግዳ ሲመጣ «ይሄ ባለ 70 ዶላሩ መምህሬ ነው» ትላለች። በብርዱ ወራት የቤቱ አየር ሲደርቅ እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ ቡናማውን ቦርሳው ውስጥ፣ ከማሞቂያው ርቃ ታስቀምጠዋለች።

ሥራ ቦታዋም ወስዳዋለች። አዛውንቱ የሚጫወቱት በድሮው ዲ-ኤ-ኤ ቅኝት ነው። በዚያ ቅኝት ስኬሉ የሚጀምረው ከ3ኛው ፍሬት ነው፤ በሷ ግን ከባዶ ክር። መጀመሪያ ቀን ቁጥር እየተጠራሩ ሊግባቡ አልቻሉም። ኋላ ላይ እሳቸው 3 የሚሉትና እሷ ባዶ የምትለው አንድ ድምፅ መሆኑ ገባቸው፤ ሁለቱም ዲ ነው። ባለፈው ሳምንት ትዝታን ሁለት ጊዜ አጫወተቻቸው። አዛውንቱ ኖተራቸውን ይዘው ከኋላ ከኋላ ሲከተሉ ቆዩና፣ የመድኃኒት ሰዓታቸው በተጻፈበት ወረቀት ጀርባ ላይ ስድስት ቁጥር ጻፉ፦ 3፣ 4፣ 5፣ 7፣ 8፣ 10።